ጋሼ ከበደ ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያመለጡበት ቀሚስ

እሑድ፣ ማርች 15፣ 1987

እኔ ኃጢአተኛዋ ሶስና፣ ዛሬ አንድ ሪዛም ሰው ቀሚስ ማስለበሴን በፍጹም ትሕትና እናዘዛለሁ።

ምሳ ላይ እማዬ "የምታነቢውን ለእኛም ንገሪን እንጂ" አለች። የማነበው የታሪክ የቤት ሥራዬን ነው፤ የዛሬ ሁለት መቶ አርባ ዓመት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሰው እየያዘ በግድ መርከበኛ ያደርግ ነበር ይላል። እኔ ዘመኑን ዘለልኩና "የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ወደብ ላይ ወንድ እያፈሰ ነው" አልኳቸው።

አፈሳ! እዚህ አሜሪካ፣ ታኮማ ወደብ የሚሠሩት አጎቴ ጋሼ ከበደ ጉርሻቸውን መዋጥ አቃታቸው። ከደርግ አፈሳ ሁለቴ ያመለጡ ሰው ናቸው።

"እዚህም ደረሱብኝ? በቃ፣ ነገ ሥራ አልገባም!"

"ሥራህን ልታጣ? ቀሚሴን ልበስና ሂድ" አለች እማዬ፣ ከምሯ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ጋሼ በአበባ ቀሚስ ከነሪዛቸው ብቅ ሲሉ ሳቅ አፈነኝ። ሶ፣ ጮክ ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ፦ የቦስተን ሰዎች ዱላ ይዘው ወጡ፤ የባሕር ኃይሉ ነው ያሉትን ጀልባ ጎትተው አቃጠሉ።

"ጎሽ! ጎሽ የእናት ልጅ!" ጋሼ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስክስታ ወረዱ። "እኛ እኮ ከደርግ ሸሽተን ቆጥ ላይ ነው የወጣነው! ማቃጠሉን ማን ነገረን?"

ይህን የምጽፈው መታጠቢያ ቤት ተደብቄ ነው። ጋሼ አለቃቸው ቤት ኮል ሊያደርጉ ነው፤ "ሚስተር፣ ነገ ኖ ወርክ፣ ኔቪ ካሚንግ" እያሉ ሲለማመዱ ይሰማኛል። ሳይባረሩ ወጥቼ ላስቆማቸው ይገባል። ይህቺን መስመር ብቻ ልጨርስና...

ወይኔ፣ በበሩ ስንጥቅ ሳይ እማዬ መጽሐፌን አገኘችው። ሥዕሉን እያየች ነው።

"ከቤ፣ ስልኩን አስቀምጠው እስቲ። እነዚህ ወታደሮች ምን ሆነው ነው ዊግ ያደረጉት?"

ጋሼ ስልኩን አስቀምጠው ሥዕሉ ላይ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፦

"ሶስና!"