ሙሉ ወንድ

ልጄ ጁማና፣ አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ላሟም ወልዳለች። አባትሽ ግን ሊያሳብደኝ ነው።

ወንድምሽ ሙጀሂድ በገበያ ጠብ የወረወረው ድንጋይ ሰው መግደሉን ሰምተሻል። ጥፋተኛ ተብሏል፤ የቀረው ቅጣቱ ነው። ትናንት መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ጠበቃው «ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ እንደ ልጅ ይቀጣ» ብሎ ሲለምን፣ አባትሽ ብድግ ብሎ «የእኔ ልጅ ሙሉ ወንድ ነው! በሬ ጠምዶ የሚያርሰውን ማን ነው ልጅ የሚለው?» አይል መሰለሽ! ተሰደብኩ ብሎ እኮ ነው! ዳኛው ዕድሜው ይጣራ ብለው ቀጠሩ።

እኔ ይፈታ አላልኩም፤ የሟች እናት ለቅሶ ከጆሮዬ አልወጣም። ግን ከዕድሜ ልክ ፍርደኛ ጋር ይታሰር?

አባትሽ እኔን አይሰማም። ወንድምሽን አዝለሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽና እባክሽ ለአባትሽ ደውዪለት። አላህ እድሜሽን ያርዝመው፣ ይህንንም ንገሪው፦ ፖሊሶቹ ሲወስዱት ሙጀሂድ ዞር ብሎ «እማዬ፣ ማታ መጥተሽ ትወስጂኛለሽ አይደል?» አለኝ።

«ሙሉ ወንድህ ይኸው ነው» በዪው።

እናትሽ ዘሊካ