ሽንፋ የሄደው ባለቤቴ

ሁሪያ፣

ዛሬ ጧት ውሃ ቀዳሁ፣ ፍየሏን አለብኩ፣ አንቺን ግን አልቀሰቀስኩሽም። ወተቱ ቅሉ ውስጥ ነው፤ ከድመትሽ ቀድመሽ ጠጪው።

ትናንት የመኖሪያ ፈቃዴን ሊያጣራ የመጣው ጸሐፊ "ባልየው የት አለ?" ሲልሽ፣ እንዳጠናሽው "ባሏ አገኘሁ ለሥራ ሽንፋ ሄዷል" አልሽ። እዚያ ላይ ብታቆሚ ምን ነበረበት? "አላህ ነፍሱን ይማረው" ብለሽ ጨመርሽበት!
ያንቺን ቋንቋ ሊያስተረጉም አብሮት የመጣው ሰውዬ እንኳ ሳቁን መያዝ አቃተው። ፈቃዴ በእሱ ሚስትነት ስለሆነ ከሞተ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በወረቀት በሕይወት ያቆየሁትን ሰው በአንድ ዱዓ ቀበርሽው። የተማርኩበት ቤይሩት ዩኒቨርሲቲ ውሸት አላስተማሩኝም፤ እኔም አንቺን ማስተማር አልቻልኩም።

ጸሐፊው ከሄደ በኋላ ተናድጄ ያልኩሽን እርሺው።

አሁን ጽሕፈት ቤት ሄጃለሁ። በመበለትነት ካላደሱልኝ ወደ ካርቱም መልሰው ይሰዱኛል። እዚያ የተጋባንበትን ወረቀት፣ ሁለት ፎቶግራፍና የቀበሩት ቄስ የጻፉልኝን የሞት ምስክርነት ይዣለሁ። የቀረኝ የሰው ምስክር ነው። ቀትር ላይ ነይልኝ፤ ዛሬ ዱዓሽን እንደልብሽ አድርጊ።

አሮጌውን ፈቃድ መልሺ ብለውኛል። "ባል፦ አገኘሁ፣ በሕይወት ያለ" የሚል የቀረኝ ወረቀት እሱ ብቻ ነው።
ሳጥኑን ከፍተሽ ብታጪው አትፈልጊው። ቤታችን ውስጥ የለም፤ ቢጠይቁሽ ይህንኑ በያቸው፣ ውሸት አይደለም።

ጸዳለ