ባዶውን የተመለሰው ሳህን

ለልጄ ለአሰፋች፤

የሳሪሱ አቦ ጥላ ከለላ ይሁኑሽ፤ የጅቡቲንም ሙቀት ያብርዱልሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን እያመመውም ባቡር ጣቢያ መዋሉን አልተወም፤ እረፍ ብለው አይሰማኝም። ቀይዋ ላም ወልዳለች። ወንዙ ሞልቶ ጎመኔን ጠራርጎ ወሰደብኝ።

አሁን ወደ አንቺ ነገር ልምጣ። ጎረቤትሽ ምግብ ልካልሽ ሳህኑን አጥበሽ ብትመልሺላት ሰላምታዋ ቀዘቀዘ ብለሽ ጽፈሻል። ባዶውን መልሰሽላት ነዋ! እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ? አደሴ ከማዶ ወተት ስትልክልን ጮጮዋን ባዶውን መልሰን እናውቃለን? የሚጨመርበት ሲጠፋ እርጥብ ሣር ነቅለሽ የምትከቺበት አንቺ አልነበርሽም? አገሩ ሌላ ነው አትበይኝ፤ ጎረቤት የትም ጎረቤት ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በባቡሩ ትኬት ቆራጭ በካሳሁን እጅ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ልኬያለሁ። ያንቺ እንዳይመስልሽ፤ የሴትዮዋ ነው። ራስሽ ይዘሽላት ሂጂ። ቋንቋዋን ባትችዪም ቁጭ ብለሽ ሻይዋን ጠጪላት። እዚያ ሰው አገር ብትታመሚ ቀድማ በርሽን የምታንኳኳው እሷ ናት፤ እኔ አልደርስልሽም።

ባልሽን ጉተማን ሰላም በዪልኝ። የረገጥሽው ደጅ ሁሉ ይከፈትልሽ፤ ክፉ አይንካሽ፤ አሜን።

ከረጢቱን በካሳሁን መልሺልኝ። ጨርቅ ቸግሮኝ አይደለም። ባዶውን እንዳትልኪው ብዬ ነው፤ ፎቶግራፍሽን ክተቺበት።

እናትሽ የሺሐረግ፣ ከአቃቂ