ወንድሜን ካዚኖ ስላስጎበኙልኝ

ለክቡር ሚስተር ዊላርድ ፔንዶክ
የብራየር ሆሎው ከተማ ምክር ቤት ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና የተከበሩት ባለቤትዎ እንደምን ከርማችኋል? ባለፈው ክረምት በረዶ ሲጠርጉ የተቀጨው ወገብዎ እንደተሻለዎት፣ እንቅልፍዎም እንደ በፊቱ ጣፋጭ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እንቅልፍዎ እንኳ ብዙ አልሰጋም፤ ቤትዎ ከኮረብታው ወዲያ ስለሆነ ሊሠራ የታሰበው ቁማር ቤት፣ ካዚኖው፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢያበራ መብራቱ እርስዎ ዘንድ አይደርስም። የሚደርሰው እኛ ዘንድ ነው።

እኔ ጀራልዲን ኮስትካ እባላለሁ፤ ከተዘጋው የገበያ ማዕከል ጀርባ ባለው መንገድ ዕድሜዬን አጋምሻለሁ። ግብሬን በወቅቱ እከፍላለሁ፣ ሣሬን ደንቡ ካዘዘው ቁመት አላሳልፍም፣ የቆሻሻ በርሜሌንም ያለ ቀኑ ደጅ አውጥቼ አላውቅም። ይህን የምለው ልመካ ብዬ ሳይሆን፣ የሚጽፍልዎት ሰው ሥርዓት የማያውቅ እንዳይመስልዎት ነው። ምክር ቤትዎ የገበያ ማዕከሉ ፈርሶ በቦታው ካዚኖ እንዲሠራ ለመፍቀድ በሚመጣው ወር ድምፅ እንደሚሰጥ ስለሰማሁ፣ ከዚያ በፊት ያሉብኝን የምስጋና ዕዳዎች በየተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከቁማር ስለጠበቁን እናመሰግናለን። የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ቡድናችን ዓርብ ዓርብ በአዳራሹ ቢንጎ የሚባለውን የቁጥር ዕጣ ያጫውት እንደነበር ያስታውሳሉ። ሽልማቱ ለፋሲካ በጭስ የበሰለ የአሳማ ሥጋ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ሚስስ ኦልሼፍስኪ በእጃቸው የሰፉት ብርድ ልብስ ነበር፤ የሚገኘው ገቢ ለውኃ ቱቦና ለእሳት አጥፊዎቹ ቆብ ይውላል። ታዲያ ቢሮዎ ፈቃድ የሌለው ቁማር የቤተሰብን ኑሮ ያናጋል ብሎ ጻፈና ጨዋታው ቆመ። ሚስስ ኦልሼፍስኪ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረው ወንጀለኛ መሆናቸውን የተረዱት ያን ዕለት ነው። አሁን ደግሞ አዳራሽ ሙሉ የቁማር ማሽን ሊተከልልን ነው ሲባል፣ ነገሩ ገብቶኝ አረፍኩ። ለካስ ቤተሰብ የሚያናጋው የአሳማ ሥጋው ኖሯል! የእሳት አደጋ መኪናችን ግን ጎማው እንዳለቀ ነው፤ ካዚኖውም አንድ ቀን እሳት ሊነሳበት ይችላልና ቢያስቡበት መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ የካዚኖው ባለሀብቶች በከተማው አዳራሽ መግቢያ የሰቀሉትን የወደፊቱን ሕንፃ ሥዕል እንድናይ ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከካዚኖው በር ፊት ለፊት ደግሞ አንዲት እናት ሕፃኗን በጋሪ እየገፋች ትስቃለች። ሃያ አንድ ዓመት ያልሞላው እንዳይገባ ሕጉ ስለሚከለክል፣ ሕፃኑ እስኪያድግ የት ቆሞ እንደሚጠብቃት ሥዕሉ አያሳይም። የእኔን ቤት ብፈልገው አጣሁት፤ በቦታው ቁጥቋጦ ተስሏል። ያማረ ቁጥቋጦ ነው፣ አልዋሽም።

ሦስተኛ፣ ስለ ወንድሜ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡኝ።

ወንድሜ ሌስተር ቁማርተኛ ነበር። ይህን በአደባባይ የምጽፈው እርሱ ራሱ በእርስዎ ፊት በአደባባይ ስለተናገረው ነው። ትዳሩም፣ ቤቱም፣ የአባታችን የአናጢነት ሱቅም በቁማር ሄደዋል። እኔ ዘንድ ተመልሶ የተጠጋው ብራየር ሆሎውን ለውበቷ ወድዷት አይደለም፤ በአካባቢዋ ካዚኖ ስለሌለ ነው። ቅርብ የሚባሉት ባሕሩ ዳር ያሉት ናቸው፤ እነርሱም በመኪና ሁለት ሰዓት ያስኬዳሉ፣ ሌስተር ደግሞ መኪናውን ሸጧል። ሐሙስ ሐሙስ በቅዱስ ካዚሚር ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንደ እርሱ ቁማር ለመተው ከሚታገሉ ሰዎች ጋር በፕላስቲክ ወንበር ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ የቀዘቀዘ ቡና ይጠጣሉ፣ ሳይጫወቱ ስለከረሙበት ጊዜ ያወራሉ። አንድ ቀን በርትተሃል ብዬ ባመሰግነው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አልበረታሁም፣ ጄሪ» አለኝ። «የያዘኝ መንገዱ ነው። ስለሚርቅ ነው እንጂ እሄድ ነበር።» ካዚኖው የሚቆመው ከዚያ ምድር ቤት ትይዩ፣ ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ነው።

ይህንን ለምክር ቤትዎ ሊያስረዳ የአባታችንን ክራባት አስሮ ባለፈው ስብሰባ ቀረበ። የካዚኖው ኩባንያ ጠበቃ በግድግዳው ላይ ምስል እያሳዩ እስኪበቃቸው ተናገሩ። ለዜጋ የሚሰጠው ግን ሦስት ደቂቃ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ትሆናለች፣ ቢጫ ትሆናለች፣ ቀይ ስትሆን ሰው ይቀመጣል። ሌስተር ሲናገር ዝግ ይላል። ስለ ሚስቱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀይዋ በራች፤ እርስዎም በትሕትና ሰዓቱ ማለቁን ነገሩትና ይቅርታ ጠይቆ ተቀመጠ። ንግግሩ በከንቱ አለመቅረቱንም አይተናል፤ ጠበቃው ልባቸው ተነክቶ በየማሽኑ ላይ ለቁማር ሱሰኞች የእርዳታ ስልክ ቁጥር እንደሚለጠፍ ወዲያው ቃል ገብተዋል።

አራተኛና ዋነኛው ምስጋናዬ ስለ ጉብኝቱ ነው። ሰው ባላየው ነገር ላይ መፍረድ የለበትም ብለው፣ በስብሰባው ተቃውሞ ያሰማን ሁሉ ኩባንያው በሌላ ከተማ ያሠራውን ካዚኖ በክብር እንግድነት እንድንጎበኝ አውቶቡስ አዘጋጁልን። ለእኔ የመጣውን ግብዣ ቀድጄ ጣልኩት። የሌስተርም በስሙ፣ የምክር ቤቱ ማኅተም ታትሞበት መጣ። አትሂድ ብዬ ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በመጨረሻም አለቀስኩ። እርሱ ግን በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ነው፤ ከተማው ሲጠራ መሄድ የዜጋ ግዴታ ነው ተብለን ነው ያደግነው። «የጠራኝ እኮ ከተማው ነው፣ ቁማር ቤቱ አይደለም» አለኝ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጥያቄዎቹን በወረቀት ጽፎ፣ ከአውቶቡሱ ቀድሞ ፌርማታው ላይ ተገኘ።

አብረውት የሄዱት የቅዱስ ካዚሚር ቄስ እንደነገሩኝ መስተንግዶው ግሩም ነበር። የሸርጣን ሾርባ ቀረበ፤ ከምሳ በኋላም እያንዳንዱ እንግዳ ስለ አሠራሩ በቂ ግንዛቤ እንዲያገኝ ተብሎ በቁማር ማሽኖቹ የሚያጫውት፣ ገንዘብ የተሞላ ካርድ ታደለ። ቄሱ የራሳቸውን ካርድ መለሱ። ሌስተር ጥያቄዎቹን የጻፈበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ማሽኑ ፊት ተቀመጠ። ሌሎቹ እንግዶች ተሸነፉ። ወንድሜ አሸነፈ። እግዜር ይቅር ይበልዎት ሚስተር ፔንዶክ፣ አሸነፈ።

ማታ አበባ ይዞልኝ መጣ። በሩን ከፍቼ ፊቱን አየሁት። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ የአባታችን ሱቅ ከመሸጡ በፊትም እንዲሁ እየሳቀ ነበር የሚገባው። አበባውን ውኃ ውስጥ አደረግሁት፣ እራት አቀረብኩለት። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ቢመጣም ሐሙስ ቢሄድም ምድር ቤቱን አልረገጠም።

አምስተኛ ላነሳው የነበረው ደጄ ላይ ስለተከልኳት «ካዚኖ አንፈልግም» የምትል ሰሌዳ ነበር፤ ቢሮዎ የሰፈሩን ውበት ታበላሻለች ብሎ አስነስቶኛል። አሁን ሳስበው ትንሽ ነገር ስለሆነብኝ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውለታ በኋላ ሌላ መለመን ይሉኝታ ማጣት ቢመስልም፣ አንዲት ነገር እለምንዎታለሁ። እጅዎን ለድምፅ ከማንሳትዎ በፊት ወንድሜን ያስቡልኝ። እርሱን የያዘው መንገዱ ብቻ ነበር፤ እባክዎ መንገዱን አያሳጥሩበት።

ለወገብዎ ጤናን፣ ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ከኮረብታው ወዲያም የማይጓደል ጨለማን ከልብ እየተመኘሁ፣

በሥዕሉ ላይ ቁጥቋጦ የሆንኩት አክባሪዎ፣
ጀራልዲን ኮስትካ

ማስታወሻ፦ ይህንን ደብዳቤ ከጨረስኩ በኋላ ሌስተር ለሚመጣው ስብሰባ ለመናገር እንደተመዘገበ ነገረኝ፤ በዚህኛው ጊዜ በካዚኖው ደጋፊዎች በኩል ነው። የአባታችንን ክራባት እንድተኩስለት ሰጥቶኛል። አሁንም ሲናገር ዝግ ይላል፤ ግን አያስቡ፣ በዚህኛው ጊዜ ቀይዋ መብራት እንደማትበራበት ሙሉ እምነት አለኝ።