ለለቅሶህ የተቆረጠው ቀርከሃ

ገመቹ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ አምስት ወር ሊሞላ ነው። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተን ዋሽቼህ አላውቅም። ደህና አይደለሁም።

ወፎችህ መጥተው ነበር። እንደ ልማዳቸው ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ሳይደርቅ። እነዚያ ሆዳቸው ቢጫ የሆነው፣ መዳፍ ላይ ቢያርፉ የማይከብዱት።

ባምባሲን ሙሉ እየዞርክ ቀርከሃ ቆርጠህ ወንበር የምትሠራው ሰውዬ፣ የጓሯችንን ግን ምሳር አታስነካም ነበር። ማለዳ የጓሮው በር ላይ ተቀምጠህ፣ ከቅጠል ቅጠል እየዘለሉ ትንኝ ሲለቅሙ፣ ጭራቸውን እያርገበገቡ ሲያፏጩ ታያቸዋለህ። ሻይህ ይቀዘቅዛል። ለእኔ የሌለህን ትዕግሥት ለወፍ ታሳያለህ ብዬ አኮርፍ ነበር። ጎጇቸውን ሁለት ዓመት ፈልገህ ስታጣ፣ እዚህ እንደማይፈለፍሉ፣ መጋቢት ሲያልቅ በረሃና ባሕር አቋርጠው ሰው አገር ሄደው እንደሚወልዱ አንድ የደን ባለሙያ ነገረህ። ያን ቀን፣ እንግዶቻችን ናቸው ብለህ ጓሮውን ተውክላቸው።

ሐምሌ ላይ ስትሞትብኝ ዝናቡ አላባራ አለ። ለቀስተኛው የሚጠለልበት ዳስ ያስፈልግ ነበር። የእድሩ ሰዎች ገጀራ ይዘው ከጓሮ እንቁረጥ ወይ ሲሉኝ፣ ራሴን ነቅንቄ እሺ አልኩ። የት እንዳለሁ እንኳ አላውቅም ነበር። አንተ ሌላ ቦታ ስትቆርጥ ሦስት ዓመት የሞላውን መርጠህ፣ ሥሩ እንዳይሞት ለጋውን ትተወው ነበር። እነሱ በጥድፊያ የክረምቱን ቡቃያ ሳይቀር ጨረሱት። አልፈርድባቸውም፤ ላንተ ያዘኑ ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ የኔ ነው። በሦስተኛው ቀን ዳሱ ፈርሶ ማገዶ ሆነ።

ወፎቹ ሲመጡ ጉቶ ብቻ አገኙ። አራት ነበሩ። አንዷ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አርፋ ያንን ቀጭን ፉጨቷን ሁለት ጊዜ አሰማች። ሮጬ ወጣሁ፤ ምን ላደርግላት እንደነበር እንጃ። ሲመሽ አንዳቸውም አልነበሩም።

በየማለዳው ጉቶውን እየዳሰስኩ አያለሁ። አያቆጠቁጥም። ከቶንጎ ችግኝ ላምጣልሽ ያለኝ ጎረቤት አለ። ችግኙ አድጎ ወፍ እስኪያሳርፍ እኔ በምን ልቆይ? ካንተ የቀረኝ ሕይወት ያለው ነገር እነሱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱንም ላንተው ለቅሶ ብዬ አጣኋቸው።

ቃል የምገባልህ ይህን ነው። ጥቅምት በመጣ ቁጥር በሩ ላይ፣ በሠራህልኝ ወንበር፣ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ እቀመጣለሁ። ወፍ ባይመጣም። አንተን አልረሳህም፤ እሺ ያልኩባትንም ሰዓት አልረሳትም።

ያንተዋ ጫልቱ