አባትህ የሞሉት ዝምታ

ውዴ ጥላዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። አጥራችን ላይ ቀይ ምልክት ቀብተዋል፤ ሰፈሩ ለልማት ይነሣል ተብሏል። ፒያኖህን ለዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ክፍል ሰጠሁት። በበሩ አልወጣ ብሎ ተማሪዎችህ መስኮቱን ነቅለው አወጡት። የምግብ ጠረጴዛችን ግን እንዳለ ነው። በሁለት ጣት እየመታኸው ዜማ ስትሠራ ስንት ቀን ወጡ ቀዝቅዞብናል።

ዛሬ ልነግርህ የፈለግሁት ስለ አባትህ ነው።

ለሙት ዓመትህ ሞላሌ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ነበር። የመጨረሻ ሥራህን፣ "ጓሳ" ያልከውን፣ ከተማሪዎችህ ጋር ክፍል ውስጥ የቀዳኸውን ካሴት ይዤ ነበር። አባትህ መሪጌታ አንድም ሥራህን ሰምተው አያውቁም። በዐሥራ ስምንት ዓመትህ የዜማ ትምህርቱን ትተህ አዲስ አበባ ገብተህ ክላርኔት ስትይዝ፣ "ልጄ መሸታ ቤት ገባ" ብለው ስምህን ማንሣት ተዉ። በኋላ ሳክስፎን ይዘህ ጃዝ ስትደርስ፣ ዩኒቨርሲቲ ስታስተምር፣ ስንቱን ልጅ ለማዕረግ ስታበቃ፣ ለጎረቤት የሚሉት "አስተማሪ ነው" ብቻ ነበር። የምን እንደሆነ አይጨምሩም።

"ጓሳ" መካከሉ ላይ ሁሉም መሣሪያ ዝም የሚልበት ግማሽ ደቂቃ አለው። ተማሪዎችህ ምን ይግባበት ብለው ሲጠይቁህ፣ "ተዉት፣ የእኛ አይደለም" አልካቸው። ለእኔም ከዚያ በላይ አልነገርከኝም። ካረፍህ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባህ ለመታሰቢያ ዝግጅቱ ብሎ ያንን ቦታ የሚሞላ የፒያኖ ዜማ ጻፈ። እሺ ልበል አልበል እያመነታሁ ነው ሞላሌ የሄድኩት።

ቀትር ላይ ነበር። ጉሙ ከጓሳ ተራራ ወርዶ ከደጃፉ ማዶ ያለው የገብስ ማሳ እንኳ አይታይም። አባትህ መደቡ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ፈራ ተባ እያልኩ ቴፑን ከፈትኩት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ዝጊው ግን አላሉኝም።

ዝምታው ጋ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው ማዜም ጀመሩ። የመጨረሻው ቃል ከአፋቸው ሲያልቅ ሳክስፎንህ ገባ። አጋጣሚ መሰለኝና ካሴቱን መልሼ ደገምኩት። እንደገና አዜሙ፣ እንደገና በልኩ አቆሙ፣ አንተም ገባህ።

"አባባ፣ ይህን ከዚህ በፊት የት ሰሙት?" አልኳቸው።

"የት እሰማዋለሁ? ልጄ ካረፈ ወዲህ ግን ማኅሌት ቆሜ ትንፋሽ ስወስድ አንድ ድምፅ ይቀበለኛል። ካህናቱን ብጠይቅ አንሰማም አሉኝ። ጆሮዬ አርጅቶ ነው ብዬ ተውኩት። ያ ድምፅ ይኸው ከሣጥንሽ ወጣ።"

ያዜሙትም ትተሃቸው በሄድክበት ዕለት ሲያስተምሩህ የነበረውን ዜማ እንደሆነ ነገሩኝ። ግማሹ ላይ ተነሥተህ ወጣህ፤ አልተመለስክም።

ጥላዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ያ ባዶ ቦታ የማን እንደሆነ ለምን ደበቅኸኝ? አልቆጣህም። ያን ቀን ግን አንተን ራስህን ፈራሁህ።

ስመለስ የፒያኖው ዜማ ይቅር አልኩ። በመታሰቢያው ቀን ተማሪዎችህ ዝምታው ጋ ሲደርሱ ማንም አልቆጠረም፣ ማንም እጁን አላነሣም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገቡ። በአንተ ቦታ ሳክስፎን የነፋችው ተማሪህ ሰዓዳ በኋላ ጠጋ ብላ፣ "ጆሮዬ ሥር አንድ ሽማግሌ ሲተነፍስ ሰማሁ። ሲጨርስ ገባሁ" አለችኝ። ስለ አባትህ አንድም ነገር አልነገርኳትም ነበር።

ባለፈው ወር ከሞላሌ ደብዳቤ መጣልኝ። አባትህ ናቸው ያስጻፉት። "የልጄን የሙዚቃ ደቀ መዛሙርት የክርስትና ስም ላኪልኝ፤ በጸሎት አነሣቸዋለሁ" ይላል። ሰዓዳ ሙስሊም መሆኗን ጻፍኩላቸው። "እናቷ ያወጣችላት ስም ይበቃል" ብለው መለሱልኝ።

ዛሬ ጠዋት ያስተማርካቸውን ሁሉ መዝግቤ ለመላክ ተቀመጥኩ። ገና አርባ ሁለተኛው ላይ ነኝ። በሕይወት እስካለሁ የአንተን ስም ሳነሣ የእነሱንም አነሣለሁ፤ አንዳቸውንም አልዘልብህም። የረሳሁት ካለ ራስህ ንገረኝ፤ አሁን መስማት አልፈራም።

ባለቤትህ ዘነበች