ሰንሰለቱ ከላይ እንዲታሰር ላዘዙት ጌታ

ወንድሜ ጨመዳ፣ ለግራዝማች ልጽፍላቸው ነውና አትቆጣኝ። ለትልቅ ሰው ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፣ ስድብም አይገባበትም ብለህ ያስተማርኸኝን ጠብቄ እጽፋለሁ። ከትከሻዬ በላይ ሆነህ አንብበው፤ ፊደል ከገደፍሁም ንገረኝ።

ክቡር ግራዝማች ኃይለጊዮርጊስ፣ በጉቶ አገር ያለው እርሻ ጌታ ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎንስ ተሻለዎት? በወንድሜ ቀብር ላይ ሲናገሩ ወገብዎን ይዘው ስላየሁ አሳስቦኛል። እግዚአብሔር እርስዎን ከነቤተሰብዎ፣ ትራክተርዎንም ከነተሳቢው ይጠብቅልን። እኔ የሟቹ የትራክተር ነጂዎ የጨመዳ ታናሽ ወንድም፣ እዚሁ ነቀምት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እናትና አባት ስለሌሉን የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው አልተገኘም። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በቆሎ የጫነው ተሳቢ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ በሰመጠ ዕለት ስለ ሰጡት ትምህርት አመሰግናለሁ። ወንድሜ ሰንሰለቱን እንደ ልማዱ ከትራክተሩ ኋላ ዝቅ ብሎ ካለው መጎተቻ ላይ አስሮት ነበር። እርስዎ ግን በሬ ጠምደው ያደጉ ጌታ ነዎትና በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «ያ ጉርባ! አንተ ልጅ! በሬ በጭራው ሲጎትት የት አይተሃል? ጉልበት ያለው ጫንቃ ላይ ነው፤ ከላይ እሰረው!» አሉት። እሱም፣ «ጌታዬ፣ ይሄ በሬ አይደለም። ከላይ ከታሰረ አፍንጫውን አንሥቶ በጀርባው ይወድቃል። ይልቅ ግማሹን በቆሎ እናራግፍለት» ቢልዎ፣ «ፈራህ እንዴ? ከፈራህ ውረድና ነመራ ይንዳው» አሉ። ሰውም ሳቀ። ነመራ ረዳቱ ነው፤ ሚስቱ ሎሚ ነፍሰ ጡር ናት። ወንድሜ አልወረደም። ሰንሰለቱ ከመቀመጫው ኋላ ካለው ከላይኛው ብረት ታሰረ። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ተሳቢው ከጭቃው ንቅንቅ አላለም፤ ትራክተሩ ግን የፊት ጎማዎቹን አንሥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ከዚያም ወንድሜ ላይ ተገለበጠ። ይህን ነመራ በሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ተናግሯል።

ክቡርነትዎ፣ ይህን ለመማር ሰው መሞት አያስፈልገውም ነበር። ወንድሜ ለእኔ ያስተማረኝ በክብሪት ቀፎና በክር ነው። ቀፎውን ያቁሙት። ክሩን ከታች አስረው ቢስቡት ይንሸራተታል፤ ከላይ አስረው ቢስቡት ይገለበጣል። ክብሪት ከቤትዎ አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

፪ኛ. በቀብሩ ላይ «ልጁ ጠጥቶ ነበር መሰለኝ» ብለው ስላጽናኑን አመሰግናለሁ። ጨመዳ የወንጌል አማኝ ነበር፤ ሠርግ ላይ እንኳ ጠላ እንዳይቀዳለት ዋንጫውን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር። እርስዎ ራስዎ «የሚሲዮን ልጅ» እያሉ ሲስቁበት የኖሩት በዚሁ አልነበረም? በሕይወቱ ያልቀመሰውን መጠጥ ከሞተ በኋላ ከየት እንዳገኘ ቢያስረዱን ቤተ ዘመዱ በጣም ይደሰታል።

፫ኛ. የልቅሶ ድንኳናችን ሳይነቀል ትራክተሩን አስነሥተው፣ ደሙን አሳጥበው ለሥራ ስላዘጋጁት ትጋትዎን አደንቃለሁ። የፊታችን ሰኞ ያንኑ ተሳቢ ነመራ እንዲያወጣ አዘዋል። ሰንሰለቱም እንደ ቀድሞው ከላይ እንዲታሰር አዘዋል።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀብኝ። ነመራ እምቢ ቢል ከሥራው ይባረራል፤ እሺ ቢል ልጁን ሳያይ ይቀራል። ክቡር ግራዝማች፣ ወንድሜን መልሱልኝ አላልሁም። ካሳም አልጠየቅሁም። ሰንሰለቱን ወደ ታች ያውርዱት። በቆሎውን ያራግፉለት፤ ቀስ ብሎ ይሳብ፤ በመካከሉም ሰው አይቁም። ይህን ለማዘዝ አንድ ቃል ይበቃዎታል። ወንድሜን ለመግደልም የበቃዎት አንድ ቃል ነው።

በቆሎዎ ጭቃ ውስጥ እንዳይበሰብስ ዘወትር የሚጸልየው፣ በእርስዎ ብልሃት በዚህ ዕድሜው የቤት አባወራ ለመሆን የበቃው፣ ታዛዥ አገልጋይዎ

አዱኛ መገርሳ
ነቀምት፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ግልባጭ፦ በገበያው መግቢያ ግንብ ላይ ይለጠፋል። ማንበብ ለማይችል እኔው ቆሜ አነብለታለሁ፤ አማርኛ ለማይሰማም በኦሮምኛ።

ይህንንም ልጨምር፦ ለቀስተኛው ተበትኖ ብቻዬን ባደርሁ ማግስት፣ ጠዋት ተነሥቼ የሁለት ሰው ሻይ ጣድሁ። አንዱን ጠጣሁ፤ ሌላውን ደጅ ደፋሁት። ከዚያ ወደ እርሻዎ ሄድሁ። ዘበኛዎ ሊያለቅስ መጥቷል ብሎ አስገባኝ። ሰንሰለቱን ከላይ የያዘውን፣ ፔርኖ የሚሉትን ወፍራም ብረት በድንጋይ መትቼ አወለቅሁት፤ ከመጻሕፍቴ ጋር ይዤው ትምህርት ቤት ገባሁ። ብረቱ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ከፈለጉት በገበያ ቀን ይምጡ፤ ለምን እንደሚፈልጉት ለተሰበሰበው ሰው ይናገሩና በእጅዎ አስረክብዎታለሁ።